ፍሪሜሶን፣ ጎንደርና የማስረጃ ሚዛን

በኹጥባና በደርስ ስለ ፍሪሜሶን የሚነገረው ብዙ ነው፤ ማስረጃው ግን ጥቂት ነው። ከመካነ ብርሃን እስከ ጎንደር ከተማ በተገኘንባቸው መድረኮች ሁሉ ያስተዋልነው ይህንኑ ነው። ተናጋሪው «ማሶኖች እንዲህ ብለዋል» ይላል፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንዳለው የሚጠይቅ ግን የለም። በአንድ ሕንፃ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ከታየ ባለቤቱ ተጠርጣሪ ይሆናል። ይህ ቅርጽ «ኻተም ሱለይማን» ተብሎ በሙስሊሞች ጥበብ ለብዙ ዘመናት እንደኖረና በሞሮኮ ሳንቲሞች ላይ ሳይቀር እንደተቀረጸ የሚያስታውስ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ማኅበሩ ራሱ ታሪኩን የሚያጠናበትን መንገድና እኛ ስለ እርሱ የምንናገርበትን መንገድ ነው። ሎጅ ስንል በደባርቅ በኩል ያሉትን የቱሪስት ማደሪያዎች ማለታችን አይደለም፤ የራሱ አለቃና መዝገብ ያለውን፣ የማኅበሩ አባላት የሚሰበሰቡበትን ክፍል ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሑክሙን ከኸበሩ እንለይ። በ1978 (1398 ሒጅራ) በመካ የተሰበሰበው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ በማኅበሩ ላይ ብርቱ ውሳኔ አሳልፏል፤ እውነታውንና ዓላማውን እያወቀ የገባበትን ሰው ከእስልምና ውጭ አድርጎታል። ይህን ውሳኔ ልንከራከረው አልተነሣንም። ነገር ግን «እያወቀ» የምትለው ሸርጥ በብዙ ሰባኪዎቻችን አፍ ላይ ተቆርጣ ቀርታለች፤ እርሷ ከተቆረጠች ደግሞ ተክፊሩ ወሰን ያጣል። ከዚህም በላይ፣ አንድ ማኅበር መግባቱ የተከለከለ መሆኑ ስለ እርሱ የሚወራውን ሁሉ እውነት አያደርገውም። በሱረቱል ሑጁራት ወሬን አጣርቶ የመቀበል ትእዛዝ ሲሰጥ፣ የምንጠላው ሰው ወሬ ከትእዛዙ አልተነጠለም።

ማኅበሩ ራሱን እንዴት እንደሚያጠና ለማየት በለንደን ያለውን «ኳቱኦር ኮሮናቲ» የተባለ የምርምር ሎጅ እንውሰድ። ቁጥሩ 2076 ነው። ዘጠኝ መሥራቾቹ በ1884 ፈቃድ አግኝተው በ1886 ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው አለቃ ቻርልስ ዋረን፣ ከ1867 እስከ 1870 በበይተል መቅዲስ በሐረሙ ዙሪያ የቆፈረ የእንግሊዝ መኮንን ነበር፤ ይህ ለሙስሊም አንባቢ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። ሙሉ አባላቱ ከ40 አይበልጡም። በ1887 ግን በሩቅ አገር ላሉ የማኅበሩ ሰዎች የደብዳቤ ክበብ አቋቁሞ ጥናቱን በየዓመቱ ይልክላቸው ጀመር። ጥናት በጉባኤ ይነበባል፤ ተሰብሳቢው ይተቸዋል፤ ትችቱና የአጥኚው መልስም ከጥናቱ ጋር በዓመታዊው መድበል ይታተማል። መትንን ከነሐሺያው ማንበብ ለለመደ የመድረሳ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ውጤቱም ቀላል አልነበረም። ጄምስ አንደርሰን በ1723 ያሳተመው የማኅበሩ መተዳደሪያ መጽሐፍ ታሪኩን ከአደም ይጀምራል፤ በሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሕንፃ በኩልም አሻግሮ እስከ እንግሊዝ ያደርሰዋል። የሎጁ ተመራማሪዎች ይህን የትውልድ ሐረግ ቆርጠው ጣሉት። የሕንፃው ዋና ግንበኛ ተገደለ የሚለው የሒራም ትረካ በኅትመት የታየው ገና በ1730 መሆኑንም ጽፈዋል። ሱረቱ ሰበእን ያጠና ኢማም በሱለይማን ትእዛዝ ይሠሩ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ያውቃልና ለእርሱ ትረካው መጀመሪያም መሠረት አልነበረውም። የሚደንቀው ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው በሰነድ መንገድ ወደዚያው መድረሳቸው ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌም አለ። የማኅበሩ ሰዎች የለንደን ታላቁ ሎጅ በ1717 ተመሠረተ ብለው 300ኛ ዓመቱን ለማክበር ሲዘጋጁ፣ በ2016 ይኸው የምርምር ሎጅ በካምብሪጅ በጠራው ጉባኤ ላይ አንድሩ ፕሬስኮትና ሱዛን ሶመርስ ዘመኑን የሚነቅፍ ጥናት አቀረቡ። የ1717ቱ ወሬ መጀመሪያ የሚገኘው ያው አንደርሰን በ1738 ባሳተመው ሁለተኛ እትም ውስጥ ነው፤ በ1723ቱ መጽሐፉ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ነገሩ ሆነ ከተባለ ከ21 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ብቻውን ይዘግበዋል፤ የዘመኑ መዛግብት ደግሞ ዝም ይላሉ። አጥኚዎቹም ምሥረታውን ወደ 1721 አቀረቡት። የኢስናድ ምርመራ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ የተነጠለ ዘጋቢን ዘገባ የመመዘን ሥራ ወዲያው ይለያል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ብዙ አባላት አሁንም በ1717 ይጸናሉ። ሆኖም በበዓሉ ዋዜማ የበዓሉን መሠረት የሚነካ ጥናት በገዛ ጉባኤያቸው ሰምተዋል።

ይህን ስንል ሎጁን ማወደሳችን አይደለም። ሙሉ አባል ለመሆን ማኅበርተኛ መሆን ግድ ነውና ፈራጁም ተፈራጁም ከአንድ ቤት ናቸው። ስለ ቃል ኪዳንና ስለ ሥርዓት አመጣጥ ብዙ ይጽፋሉ፤ ማኅበሩ ከቅኝ ገዥዎች ጋር በእስያና በአፍሪካ ስለተጓዘበት መንገድ ግን ረጅም ዘመን ያለ ትችት አልፈዋል። ምስጢሩን የጠበቀ ማኅበር የውጭ ሰው ሲጠረጥረው መገረምም አይገባውም።

ነገር ግን ጥርጣሬና ሐሰተኛ ወሬ አንድ አይደሉም። በዳዕዋችን ደጋግመን የምንሰማው፣ አልበርት ፓይክ የተባለው አሜሪካዊ የማኅበሩ መሪ ለሉሲፈር እንዲሰገድ አዘዘ የሚለው ቃል ሰንሰለቱ ሲጎተት ሊዮ ታክሲል ከተባለ ፈረንሳዊ ላይ ይቆማል። ታክሲል ደግሞ ለዓመታት የጻፈው ፈጠራ መሆኑን በኤፕሪል 19 ቀን 1897 በፓሪስ አዳራሽ ቆሞ በሕዝብ ፊት ተናግሯል። መዋሸቱን በገዛ አንደበቱ ያመነ ዘጋቢ በሐዲስ ሰዎች ዘንድ ምን እንደሚባል ለኢማሞቻችን መንገር አያስፈልግም። «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮሎች» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የኢስታንቡል ዘጋቢ ፊሊፕ ግሬቭስ በ1921 ከሞሪስ ዦሊ የ1864 መጽሐፍ ገጽ ከገጽ እያነጻጸረ ቅጅነቱን አጋልጧል። አንድም ጊዜ በሚንበር ላይ እንደ ማስረጃ መጠቀስ አልነበረበትም።

በአንጻሩ ሰነድ ያለውን ነገር እንሸሻለን። ጀማሉዲን አል-አፍጋኒ በግብፅ የሎጅ አባልና በኋላም አለቃ እንደነበሩ በ1963 በቴህራን የታተሙት የራሳቸው ወረቀቶች ያሳያሉ። በደማስቆ ክርስቲያኖችን ያዳኑት አሚር አብዱልቃዲር አል-ጀዛኢሪም በ1864 በእስክንድርያ እንደገቡ ይነገራል፤ ይህን የማይቀበሉ ጸሐፍትም አሉ። አል-አፍጋኒን እያወደሰ በዚያው ኹጥባ «ማሶን ሁሉ» የሚል ሰባኪ ከሁለቱ አንዱን አላነበበም።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። በ1730 የተወለደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1753 በኤድንበርግ የካኖንጌት ኪልዊኒንግ ሎጅ አባል ሆኗል። በ1770 መጀመሪያ በምጽዋና በአክሱም አድርጎ ጎንደር ገባ፤ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስም የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ነበር። ግራሃም ሃንኮክ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ከእነዚህ ነገሮች ተነሥቶ፣ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ሰበብ አድርጎ ታቦተ ሙሴን ሊፈልግ የመጣ የማኅበሩ ሰው ነው አለ። ይህ አባባል በጎንደርም ተቀባይ አላጣም።

አባልነቱ እርግጥ ነው፤ መልእክተኝነቱ ግን ግምት ነው። ሄኖክን (ብዙ ሙፈሲሮች ኢድሪስ ዐ.ሰ. ናቸው የሚሏቸውን) ለመፈለግ ማሶን መሆን አያሻም ነበር። ፈረንሳዊው ፔሬስክ ከብሩስ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ መጽሐፉን ሲያሳድድ ሌላ ብራና ገዝቶ ተታሏል፤ ስሕተቱንም የግዕዝ ሊቁ ሉዶልፍ አጋለጠው። ብሩስ የአክሱሙን ታቦት ግራኝ እንዳጠፋው፣ ይህንም ከንጉሡ እንደሰማ ጽፏል። ሃንኮክ ግን ይህን ክህደት ለመሸሸጊያ የተነገረ ነው ብሎ ተረጎመው። ቢናገር ማስረጃ፣ ቢክድም ማስረጃ ከሆነ መርማሪው ሥራውን ትቷል። በነገራችን ላይ በኢማም አሕመድ ላይ የተጣለችው ይህች ክስም ምርመራ የሚያሻት ወሬ ናት።

የብሩስን መንገድ የከፈተው ደብዳቤም ከሎጅ የመጣ አይደለም። በጅዳ ሳለ የመካ ሸሪፍ ባለሥልጣን የነበረው መቲካል አጋ፣ በትውልዱ ሐበሻ የሆነ ሰው፣ ለራስ ሚካኤል ጽፎለታል፤ ከእርሱ ጋርም መሐመድ ጅበርቲ የተባለ አገልጋይ ልኮለታል። ጎንደር ሲደርስ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞች ሰፈር ነው።

የእኛ ጉዳትም እዚህ ላይ ነው። የ1668ቱ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከወሰነ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰፈሩን በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው ብርቅ ነው። ብሩስ 3000 ያህል ቤቶች እንዳሉት፣ አንዳንዶቹም ሰፊና ያማሩ እንደሆኑ ይናገራል። «ማሶን ነው» ብለን ከጣልነው ይህን ምስክር እናጣለን፤ የጣልንበት ምክንያትም የጀርሕ ምክንያት አይደለም። ብሩስን መንቀፍ የሚቻልበት ትክክለኛ በር ሌላ ነው። መጽሐፉን በ1790 ያሳተመው ከጎንደር ከወጣ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የዓባይን ምንጭ ማየቱን ሊያስክድ ሞክሯል። አብሮት የተጓዘው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ከተደረገው ጉዞ በፊት እንደሞተ ጽፏል፤ ሠዓሊው ግን በዚያ ጉዞ ላይ አብሮት ነበር። ስለ ራሱ ክብር ሲናገር የማይታመን፣ ስለ ሰፈርና ስለ ገበያ ሲናገር ግን ሐሰት የሚያናግረው ጥቅም የሌለው ዘጋቢ ነው። 3000 የሚለውም በዓይን ግምት የተባለ ክብ ቁጥር በመሆኑ፣ የአዲስ ዓለም ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ከያዙት ትረካ ጎን ተቀምጦ ይመዘን።