ያልተቈለፈ ሣጥን

የኖርዌይ ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው «ሄዳ ጋብለር» በተባለው ቴያትር፥ ሄዳ ከጄኔራል አባቷ የወረሰቻቸው ሁለት ሽጉጦች አሏት። ሲሰለቻት መጫወቻዋ እነዚሁ ናቸው። ባሏ ቴስማን እንዳትነካቸው ይለምናታል፤ ሣጥኑን ግን አይቈልፍም፥ ከቤትም አያወጣውም። በመጨረሻ አንዱን ሽጉጥ ተስፋ ለቈረጠው ለሎቭቦርግ ትሰጠዋለች፤ እሱ በዚያው ይሞታል፤ እሷም በሁለተኛው ራሷን ታጠፋለች።

አንባቢ የሄዳን ትዕቢትና መሰልቸት ሲመረምር የሣጥኑን ነገር ይዘነጋል። ደራሲውም ሞቷን እንደማይቀር ዕጣ አድርጎ ማሳየቱ ያስነቅፈዋል፤ የልብ ማዕበል ጊዜ ካገኘ ያልፋልና። ለዚህም ምስክር አለ። የእስራኤል ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2006 ወታደሮቹ ለሳምንት ዕረፍት ሲወጡ ጠመንጃቸውን በሰፈር እንዲተዉ ቢያደርግ፥ ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን መግደል 40 በመቶ ያህል ቀነሰ።

የባልና የሚስት ጠብም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው መሣሪያ የሚያገኝ እንደ ሆነ የመገደሏ አደጋ 5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ በቤትህ ሐዘን የጸናበት ሰው ቢኖር እንደ ቴስማን በልመና ብቻ አትመን። መሣሪያውን ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ከቤት አውጣ፤ ይህ ባይሆን ጥይቱን ለይተህ ቈልፍ። ቍጡው አንተ ራስህ እንደ ሆንህም ቍልፉን ለምታምነው ሰው ስጥ።