ለፋብሪካው ቴፕ ጥብቅና

በቅርቡ አብሮኝ መሥራት የጀመረ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ትራንስሚተር ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቶ መሄድ ሲቻል ዳሽቦርድ ለምን እንፈታለን?» አለኝ። ደንበኛ ፊት ስለነበርን አሳጥሬ መለስኩለት፤ እዚህ ላርዝመው።

ትራንስሚተር የስልኩን ዘፈን ወደ ሬዲዮ ሞገድ ለውጦ አጠገቡ ላለ ቴፕ በአየር ይልካል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ባለቤት አለው፤ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። ባዶ ቦታ አገኘሁ ስትል መብራት ላይ ከጎንህ የቆመው መኪና በራሱ ትራንስሚተር ዘፈንህን ይነጥቅሃል። ከጃፓን በመጣ ቪትዝ ይብሳል። የአገሩ ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ስለነበር፣ ከ87.5 ከሚጀምረው ትራንስሚተር ጋር የሚገናኙት በ2.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ባንድ ኤክስፓንደር ይገጠምለት ይሉኛል። ሸገርን ለመስማት፣ እሺ። የራስን ዘፈን አየር ላይ ለቅቆ መልሶ ለማጥመድ ግን ምን የሚሉት ሥራ ነው? ሁለት ክንድ የማይሞላ ሽቦ እያለ!

አውክስ ካለው አለቀ። ከሌለው ጀርባውን እዩት፤ የሲዲ ቼንጀር ሶኬት ያላቸው ቶዮታዎች ብዙ ናቸው። ቴፑ ቼንጀር መሰካቱን ካላመነ ድምፅ አያስገባምና፣ ቼንጀር ነኝ የሚል አዳፕተር መሃል ይገባል። ካሴት ብቻ ከሆነ የካሴት አዳፕተርን አልንቅም፤ ከቴፑ ሄድ ጋር ፊት ለፊት ስለሚነጋገር ጣቢያ አይገባበትም። ነቅሎ ስክሪን መግጠም የሌላ ቀን ጠብ ነው።

«ሽቦ ያፏጫል» የሚሉ አሉ። ስልኩ ከመኪናው ቻርጅ እየተደረገ ሲዘፍን ኔጋቲቩ ሁለት መንገድ ያገኛል፤ የዲናሞው ድምፅ በዚያ ሾልኮ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ይቀጥናል። ቻርጀሩን ንቀል። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ታወቀ፤ ትንንሽ ትራንስፎርመር ያላት ማጣሪያ መሃል ታስገባለህ።

የምፈትነው በእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ከበሮና ቤዝ ጉድ ይሸፍናሉ፤ የእሳቸው ጣቶች ግን በድምፅና በድምፅ መሃል ቦታ ስለሚተዉ ፉጨት መደበቂያ አያገኝም። ለሥራ ብቻ ነበር የያዝኩት። ፒያኖ የምሰማ ሰው አልነበርኩም፤ እኛ ቤት ሬዲዮ የሚከፈተው አባቴ ዜና እንዲሰማ ነበር። አሁን ቴፑ ተመልሶ ገብቶ፣ ልጁ ብሎኑን እያጠበቀ ሳለ፣ «ገና አልፈተንኩም» እያልኩ ሙዚቃው እስኪያልቅ እቀመጣለሁ። ደንበኛ ይቸኩላል። አንድ የራይድ ሾፌር ግን አብሮኝ ቁጭ ብሎ ሰማና «ይህን ጫንልኝ» አለ። ጫንኩለት፤ በትራንስሚተር እንዳይሰማው አስምዬ።