ገድል ነው ብላችሁ እንዳታልፉት!

ኧረ ምን ልበላችሁ! ሰሞኑን ያነበብኳቸው መጻሕፍት እንቅልፍ ነሡኝ! አላስችል ብሎኝ ያገኘሁትን ሁሉ አስቁሜ አወራለሁ። ባጃጅ ውስጥ አወራለሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ አላረፍኩም፣ ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው፤ ስሙኝ!

ገድለ ወለተ ጴጥሮስ! አዎ፣ ገድል! ፊታችሁን እንዳታዞሩ! ግእዙን የሰፈራችን የቅኔ ተማሪ እያነበበ ይተረጉምልኛል፣ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። «ይብቃን ለዛሬ፣ እትዬ» ይለኛል። «ኧረ በሥላሴ፣ አንዲት ገጽ ብቻ!» እለዋለሁ። አንዷ ገጽ መቼም አንድ ሆና አታውቅም!

ሴትዮዋ የትልቅ ቤት ልጅ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ አማካሪ ነው። ሦስት ልጅ ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል ባል ከንጉሡ ጋር ቆመ። እሷስ? እምቢ! ቤቱን፣ ጌጡን፣ ሎሌውን ጥላ ልትመነኩስ ጠፋች! ባል ይተዋታል? የተጠለለችበትን አገር አስወረረ! ለሰው አዝና ተመለሰች። ከዚያ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ሞት የባሏ እጅ እንዳለበት ሰማች። ትዳሩ አለቀ! አበቃ! እኔ እዚህ ላይ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ፤ ተሜው ደነገጠ!

ገና ነው! ንጉሡ ፊት አቀረቧት፣ መኳንንቱ ሁሉ አፈጠጡባት፣ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ዠበይ በረሃ አጋዟት፣ ሦስት ዓመት! እዚያም ተከታይ አፈራች። እኅተ ክርስቶስን ያገኘችበት ገጽማ! ሁለት ሴቶች ገና ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ልባቸው አንድ ይሆናል፤ እስከ ሞት ወዳጅ ሆነው ይዘልቃሉ። ታንኳው፣ የጣና ሞገድ፣ ሽሽቱ፣ ረኃቡ! የዘመኑ የስለላ ልብ ወለድ ሁሉ ከዚህ በኋላ ቀዘቀዘብኝ።

የጻፈው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው። እሷ በ1642 አረፈች፤ እሱ በ1672፣ በፈረንጆቹ ቁጥር፣ የሚያውቋትን እየጠየቀ ጻፈ። ለዚህ ነው ወሬው ትኩስ የሆነው! ደግሞ ልብ በሉልኝ፦ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ የመለሰው በ1632 ነው። ዙፋኑን የወሰደው ልጅ ማነው? ፋሲል! የኛው ፋሲል! በነገሠ በአራት ዓመቱ ጎንደርን ቆረቆረ! ይህን የሰማሁ ዕለት ቀጥ ብዬ አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ፣ ሱስንዮስ የተቀበረበት ሄድኩ። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ! የዚያን ቀን ግን ሰውነቴን ወረረኝ!

ቆዩ፣ ጀምስ ብሩስን አልነገርኳችሁም! በፈረንጆቹ 1770 ጎንደር የገባ ስኮትላንዳዊ ነው፤ የጉዞ መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ወጣ። እንግሊዝኛው ያረጀ ነው፣ ግን እንዴት ይጥማል! ሰውየው ደፋር፣ ጉረኛ፣ ወሬኛ! ጠመንጃውን የሞራ ሻማ አጉርሶ ተኮሰና ሦስት ጋሻ በሳ፤ ቤተ መንግሥቱ ጉድ አለ! በፈንጣጣ የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች ያክማል፣ የእቴጌ ምንትዋብን ቤት ይገባል ይወጣል፣ ስለ እቴጌይቱ ልጅ ስለ ወይዘሮ አስቴር ሲጽፍ ደግሞ ብዕሩ ይቅለሰለሳል። አገሩ ሲገባ ውሸታም አሉት። ለምን? ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ስላለ! እኔ ይህን ሳነብ ቁርጤን በሚጥሚጣ እያጠቀስኩ ነበር፤ ሳቅ ሊገድለኝ! ቁስቋም ወጥታችሁ፣ የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ አንብቡት። እቴጌይቱ በሩን ከፍተው የሚወጡ ይመስላችኋል!

ልብ ወለድ ካላችሁ ጦቢያ! የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። እንደ ቆሎ ነው፣ አንዴ ከጀመሩ ሳይጨርሱ መተው የለም! ልጅት ወንድ መስላ መንገድ ትወጣለች፣ መንታ ወንድሟ በባርነት ተሽጧል፣ የንጉሥ ዘመድ የሆነች ልዕልት «ጎበዙን» አይታ በፍቅር ትወድቃለች! ወይ ጉድ! ይህ ሁሉ በዚያች ቀጭን መጽሐፍ! አማርኛውስ? ኧረ አማርኛው! ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ አፍ ውስጥ ይሟሟል!

የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ ኦሮማይን ዳባት፣ ዘመድ ቤት፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው የጨረስኩት። ውጭ ውርጭ፣ ውስጥ አስመራ! ገጸ ባሕርያቱስ! ፊያሜታ ጊላይ! ፀጋዬ ኃይለማርያም! በዓሉ ግርማ ሰው ሲያናግር ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላ የደራሲው ደብዛ ጠፋ። ጨርሼው ሲነጋ አላወራሁም፤ እኔ፣ ያላወራሁት!

የብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ እንባስ! የጎንደር ልጅ ስለ ቴዎድሮስ ሲጽፍ! አስቡት፣ ይህችን ከተማ ከነአድባራቷ ያቃጠለውን ንጉሥ ነው የሚጽፈው። አያቶቼ ይህን ቂም ይዘው ነው የሞቱት። እኔስ? አለቀስኩለት! ምን ላድርግ፣ ብርሃኑ አስለቀሰኝ!

በሉ፣ አሁን ተነሡ! በገድሉ ጀምሩ፣ ሌላው ይደርሳል። ጎንደር ያለ ሰው በየደብሩ ግእዝ አዋቂ ተማሪ አያጣም። ቤታችሁ ጥሩትና እሱ ያንብብ፤ እናንተ ቡናውን አፍሉ!