ገድለ ዜና ማርቆስና የጉራጌ ሀገረ ስብከት መነሻ

የጉራጌን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ነገራቸውን የሚያስጀምሩት ከገድለ ዜና ማርቆስ ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመድ የሆነው ጻድቅ ከሞረት ተነሥቶ ወደ ጉራጌ እንደ ወረደ፣ በዚያም አስተምሮ እንዳጠመቀ ገድሉ ይናገራልና፣ ይህን እንዳለ ቀድተው የሀገረ ስብከቱ መነሻ ነው ይላሉ። ንባቡን ይዘዋል፤ ትርጓሜው ግን አምልጧቸዋል።

ገድል የሚጻፈው ጻድቁ ካረፈ በኋላ፣ በበዓሉ ቀን በማኅበር ፊት እንዲነበብ ነው። የተጠማቂውን ብዛት ሲያነሣ ጸጋውን ያገንናል እንጂ እንደ መዝገብ ጸሓፊ ነፍስ አይቈጥርም። ይህ ማለት ግን ምስክርነት የለውም ማለት አይደለም። የጻድቁ ገዳም ደብረ ብሥራት ጉራጌን የመንፈስ ልጁ አድርጎ ይቈጥር እንደ ነበር ከገድሉ እናገኛለን፤ ይህም ለታሪክ ጸሓፊ ከተአምራቱ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ነው።

ሌላም ምስክር አለ። በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1314 እስከ 1344፣ ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ የስብከቱን አገር ለዐሥራ ሁለት ንቡራነ እድ እንዳካፈሉ በደብረ ሊባኖስ ገድሎች ይነገራል። አድኃኒ ለዳሞት፣ አኖሬዎስ ለወረብ፣ ኢዮስያስ በዝዋይ በኩል ላለው ለወጅ ተሾሙ። ቍጥሩ በሐዋርያት ቍጥር መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል፤ ቢሆንም የአገሮቹ ስም በከንቱ የተደረደረ አይመስልም። እነዚህ ሦስቱ ጉራጌን ዙሪያውን የሚያዋስኑ ናቸው፤ ጉራጌ ግን በስሙ አልተጠራም። እንግዲህ አገሩ የማን ድርሻ ነበር? የደብረ ብሥራት ነውን ወይስ የኢዮስያስ? ገድሉን ብቻ የሚቀዳ ጸሓፊ ይህን ጥያቄ እንኳ አይጠይቅም።

ጎረቤቱን የእንድብርን ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት እንመልከት። በ1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው ተከፍሎ ስለ ቆመ የልደቱ ቀን ይታወቃል፤ በሕጋቸውም ቍምስናው ሁሉ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ይይዛል። የእኛ መዝገብ በወንጌሉ ኅዳግና በባዶው ቅጠል ላይ ነው፤ የርስት ስጦታው፣ የንዋየ ቅድሳቱ ቍጥር፣ የመምህራኑ ስም በዚያ ይጻፋል። መጽሐፉ አርጅቶ እንደ ገና ሲጠረዝና ሲደጐስ ግን ያ ባዶ ቅጠል ጥቅም የለውም ተብሎ ይቈረጣል፤ መጽሐፉ በስርቆት ሲሸጥም የባለቤቱ ስም በቢላዋ ይፋቃል። ስለዚህ የምሑር ኢየሱስን፣ የምድረ ከብድን፣ የዝዋይን ደሴቶች መጻሕፍት የሚያይ ሰው ገበታውን ከፍቶ መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ጽሑፉ የሌለበት የሚመስለውን ቅጠል ነው። የኢዮስያስ ስም ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ አጠገብ ባለ በአንዱ ወንጌል ኅዳግ ላይ ቢገኝ፣ የገድሉ የጉራጌ ምዕራፍ ሁሉ እንደ ገና ሊተረጐም ነው።