ኢዛና ወረፋ ላይ

የማታ ትምህርት የሚከታተሉ ጎልማሶች በጋራ ጽፈው ያሳዩትን አጭር ተውኔት ተመለከትን። ታሪኩ ቀላል ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱምን የገዛው ንጉሥ ኢዛና ዛሬ አዲስ አበባ ይመጣና መታወቂያ ለማውጣት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሰለፋል።

«የጎልማሶች ሥራ ነው፣ ይበረታቱ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን ይህን ንቀት እንለዋለን። ሥራው ሂስ የሚገባው ሥራ ነው።

ከሁሉ የወደድነው የቅጹን ትርኢት ነው። ኢዛና ድሉን በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ በድንጋይ ያስቀረጸ ሰው ነው። ጸሐፊዋ የአማርኛ ቅጽ ስትሰጠው ፊደሉን አንድ በአንድ ይለየዋል፤ ቋንቋው ግን አይገባውም። በመጨረሻ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። አዳራሹ ሳቀ። ደራሲዎቹ ግን ለሳቅ ብቻ አልጻፉትም። ብዙዎቹ ትናንት በአሻራ ሲፈርሙ የነበሩ ናቸው፤ ያ ጣት ሲንቀጠቀጥ ከየት እንዳመጡት ያውቃሉ።

የገንዘቡም ቀልድ ሸጋ ነው። ንጉሡ ጨረቃ ያለበትና መስቀል ያለበት ሁለት ወርቅ ያወጣል። የመርካቶው ነጋዴ «አሁን የሚሠራው የትኛው ነው?» ይለዋል። ሁለቱም የራሱ ናቸው፤ ባለጨረቃው ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የወጣ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር የአንድ ዘመን ለውጥ ተሸከመች።

ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዋ ትገባለች። ከድንጋዮቹ አንዱ፣ ንጉሡ ያመፁትን ስድስት የቤጃ ነገሥታት ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ከአገራቸው አንሥቶ ሲያሰፍር በየቀኑ 22,000 ዳቦ እንደሰጣቸው ይናገራል። ሴትየዋ በጣቷ አስልታ «ለሰው አምስት አምስት መሆኑ ነው። ማን ጋገረው ጃንሆይ?» ትላለች።

ታዲያ ምን ይሆናል? ንጉሡ ይሸልማታል፣ ስለ አንድነት ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ መጋረጃው ይዘጋል። እዚህ ላይ አንስማማም። ጠያቂን መሸለም አፍ ማስያዝ ነው። ቤጃዎቹስ? ዳቦው ተቆጠረ እንጂ የበሉት ሰዎች አንድ ቃል አልተናገሩም።

«የታላቅ ንጉሥ ክብር ተነካ» ያሉም ነበሩ። ስሙ በድንጋይ ላይ ከ1,600 ዓመት በላይ የቆየ ንጉሥ በአንዲት ጋጋሪ ጥያቄ አይወድቅም።

ደራሲዎቹ ተውኔቱን ዳግም ሲያሳዩት የመጨረሻውን ንግግር እንዲያወጡት እንመክራለን። ሴትየዋ ትጠይቅ፣ ቤጃዎቹም ይግቡ፣ ንጉሡም ይመልስ። እስኪመልስ ድረስ ከወረፋው አይውጣ።