ከወገብ በታች ቋንቋ ያልቃል

ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ የፋሲል መዋኛ ውኃ እንደተባረከ፣ አብሮ አደጎቼ ልብሳቸውን እያወለቁ እየወረወሩልኝ ዘለው ገቡ። ጎንደር ያደገ ልጅ ይህን ጠዋት ዓመት ሙሉ ይጠብቀዋል። እኔ ግን ሦስት ሱሪ፣ አራት ጃኬትና ሁለት ስልክ ታቅፌ ዳር ቆምኩ። “ምነው፣ ፈራህ እንዴ?” ብሎ አንዱ ከውኃው ውስጥ ጮኸ። “ብርድ ይዞኛል” አልኩት።

ውሸቴን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ብሽሽቴን በምላጭ ተላጭቼ ነበር። የተላጨሁበት ቦታ ላይ ሰባት ስምንት እባጮች ወጥተዋል፣ አንዷም መግል ቋጥራለች። ያን ቀን በልቤ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አባላዘር።

ጉዳዩ እባጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ለሁለት ወር ያህል ምን እንደያዘኝ ሳላውቅ የከረምኩት ሐኪም አጥቼ አይደለም። ጤና ጣቢያው ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ያጣሁት እዚያ ገብቼ የምለውን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአማርኛችን ላይ የቀረበ ሂስ ነው። ስለ ወንድ ገላ በምን ቃል እንናገራለን? የምንናገርበት ቃልስ ምን ያደርገናል?

መጀመሪያ ያደረግሁት ኮድ ጽፎ የሚያድር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ስልኬን አውጥቼ መፈለግ። ግን ምን ብዬ? “ብልት” ብዬ ስጽፍ የመጣልኝ ስንፈተ ወሲብና መካንነት ነው። “ጭገር” ብዬ ልጽፍ አልኩና ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ጭገር ምንም ያላጠፋ የአማርኛ ቃል ነው፤ እኛ ግን የተዋወቅነው “ጭገራም” ተብሎ ሰው ሲሰደብበት ነው። የጨዋ ቃል ስፈልግ ደግሞ ያገኘሁት “ኀፍረተ ሥጋ” ነው። ቃሉን ፍቱት እስቲ፤ የሥጋ እፍረት። በጨዋ አማርኛ መታመም የፈለገ ወንድ ገና አፉን ሲከፍት “እፍረቴን አሞኛል” ማለት አለበት። ምርመራው ሳይጀመር ጥፋተኝነቱን አምኗል ማለት ነው።

“ብልት” የሚለው ቃል መሠረቱ ማንኛውም የአካል ክፍል ነው። ዶሮ 12 ብልት አላት፤ እናቶቻችን አንዷን እንኳ ሳያጎድሉ ቆጥረው ያወጣሉ። ሥጋ ቤት ገብተን “ከዳቢቱ”፣ “ከሻኛው”፣ “ከሽንጡ” እያልን የበሬን አካል በስም ጠርተን እናዝዛለን። የራሳችን አካል ላይ ስንደርስ ግን “እዚያ ጋ” እንላለን። “እዚያ ጋ” የሚል በሽተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ “እዚህ ጋ” የሚባል ሐኪም ፊት ሳይቀርብ ይቀራል።

ነገሩን የሚያስገርመው ስለ ፀጉር ቃል ያጣን ሕዝብ አለመሆናችን ነው። ከአንገት በላይማ አማርኛ ስለ ፀጉር የሚያውቀው ተዘርዝሮ አያልቅም። ሕፃን ቁንጮ ይተዋል፣ ጋሜ ይሆናል፤ ልጃገረዷ ሳዱላ ናት፤ ጎፈሬ አለ፣ ሹሩባ አለ፣ ሪዝ አለ። ሉጫና ከርዳዳ ብለን ዓይነቱን እንለያለን። ፀጉር ዕድሜንም፣ ጀግንነትንም፣ ሐዘንንም ይናገራል። የቋራው ካሳ፣ አጼ ቴዎድሮስ፣ በምስሉ ሁሉ የሚታወቀው በሹሩባው ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ከሠዋ በኋላ ከራሱ ላይ የተቆረጠው ፀጉር ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ በለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀመጠ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ለጥቂት ዘለላ ፀጉር ሁለት አገር ተነጋግሯል፣ ሚኒስትር ተጉዟል። ይገባዋልም።

የኔ ሂስ እዚህ ላይ ነው። ያ ሹሩባና ብሽሽቴ ላይ መግል ያስቋጠረው ፀጉር የአንድ ተፈጥሮ ልጆች ናቸው። ከርዳዳ ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ቀጥ ያለ ሳይሆን የተጠማዘዘ ነው፣ ፀጉሩም ሲወጣ ይጠቀለላል። ረዘም ሲል ጥቅልሉ ውበት ነው። አጥብቀን ስንላጨው ግን ምላጩ ጫፉን እንደ እሾህ ያሾለዋል። ያ ሹል ጫፍ ወይ ትንሽ ወጥቶ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፣ ወይ ከቆዳ በታች ተቆርጦ ከሆነ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ጎን ይበሳል። ሰውነት የራሱን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ይዋጋዋል። ቀይ ወይም ጥቁር እባጭ፣ ማሳከክ፣ አንዳንዴም መግል ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። ከማንም አልተላለፈም፣ ወደ ማንም አይተላለፍም።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን አልነገሩኝም? ስለ ወንድ ገላ የሚናገሩ ሦስት ዓይነት አማርኛዎችን መለስ ብዬ አነበብኩ።

አንደኛው የማስታወቂያ አማርኛ ነው። ቃል የሚገባው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “ከሥሩ!” “ከሥሩ” አማርኛ የሚወደው ቃል ነው። ችግርን ከሥሩ መንቀል፣ ነገርን ከሥር መሠረቱ መረዳት። እኔም በሥራዬ ስህተት ሲገጥመኝ ከሥሩ ካላገኘሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ለምላጭ ግን ይህ ውዳሴ ነው መርዙ። ጂሌት በ1971 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ባለ ሁለት ስለት መላጫ የታወቀበት ሐሳብ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሳብ ሲያደርገው ሁለተኛው ወደ ቦታው ሳይመለስ እንዲቆርጠው ነው። የተቆረጠው ፀጉር ከቆዳ በታች ይሰምጣል። ለሉጫ ፀጉር ግሩም ነው፤ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ለከርዳዳ ግን ወጥመድ ነው። ከዚያ በኋላ ስለቱ ሦስት ሆነ፣ አምስትም ሆነ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጉዳይ በአደባባይ ተወርቷል። መላጨት ግዴታ በሆነበት በአሜሪካ ጦር ጥቁር ወታደሮች ፊታቸው እየቆሰለ በሕክምና ፈቃድ ጺም ማሳደግ ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ትሪስታን ዎከር የተባለ ጥቁር ሥራ ፈጣሪ ኩባንያ መሥርቶ ቤቭል የሚባል ባለ አንድ ስለት መላጫ ለከርዳዳ ጺም ብሎ አወጣ። በ2018 ኩባንያውን የገዛው የጂሌት ባለቤት የሆነው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት የገበያ አይመስለኝም። ችግሩ መጀመሪያ በስሙ ተጠራ፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ መጣ።

ሁለተኛው የጤና ምክር አማርኛ ነው። “የግል ንጽሕናን መጠበቅ ያስፈልጋል።” ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፣ ግን እጄን ምን እንዳደርገው አይነግረኝም። ይባስ ብሎ ሳይናገር ይወነጅለኛል፤ ቆሽሸህ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የታመምኩት ከልክ በላይ ስጸዳ ነው! ያ ፀጉር ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳ ከቆዳ ጋር እንዳይፋተግ ይጠብቃል። ይህን አማርኛ ሳነብ ያደረግሁት በቀን ሁለቴ በሳሙና መፈተግ ነበር። አልሻል ሲለኝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛሁትን ቱቦ ቅባት ለሦስት ሳምንት ቀባሁ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ብሽሽትን የመሰለ ስስ ቆዳን ይበልጥ እንደሚያሳሳ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሦስተኛው የድፍረት አማርኛ ነው፤ የቀልድና የልቦለድ። እዚህ ላይ ስብሐት ገብረእግዚአብሔርን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። “ሌቱም አይነጋልኝ” ሳይታተም ለብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ሌሎች የዘለሉትን በስሙ ስለጠራ ነው። ባለውለታችን ነው። ግን እኛ አንባቢዎቹ ከድፍረቱ የወሰድነው ግማሹን ይመስለኛል። ወሲብን መጥራት ድፍረት ሆነልን፣ ገላን መጥራት ግን እንደቀረ ቀረ። በኛ ዕድሜ የሚጻፈውን ሳነብ ወንድ ከወገብ በታች ያለው ሲፈልግና ሲፈለግ ብቻ ነው። ሲያሳክከው፣ ሲቆስል፣ ሲፈራ የት ነው ያለው? ጫት ቤትም ሆነ ቡና ላይ ስለ ጀብዱ ሲወራ ድምፃችን ይጎላል፤ ስለ እባጭ ሲሆን ብርድ ይይዘናል።

“ባህላችን አይፈቅድም” የሚል ይኖራል። የትኛው ባህል? እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያደጉ ጓደኞቼ ይህን ነገር በልጅነታቸው ተምረውታል። በእስልምና ትምህርት የብብትና የብልት አካባቢን ፀጉር ማስወገድ ጥፍር እንደመቁረጥ ከፊጥራ ሥራዎች ይቆጠራል፣ ከ40 ቀን እንዳያልፍም ተነግሯል። ኡስታዙ ፊት ተቀምጦ ቀን እየተቆጠረ የሚነገር ነገር ነው፤ ማንም አይሽኮረመምም። ደባርቅና ዳባት ያሉ የገበሬ ሽማግሌዎችም ወረንጦ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ እሾህ የወጋው ሰው “የት ወጋህ?” ይባላል፣ ያሳያል፣ ይወጣለታል። ከተማዋ ራሷ በአገሪቱ የመጀመሪያው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተባት ናት፤ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ፣ የጤና መኮንኖች ገጠር ወርደው ከሰው ጋር በሰው ቋንቋ እንዲነጋገሩ። ስለዚህ ጨዋነትና ግልጽነት እዚህ አገር ተጣልተው አያውቁም። ያጣላናቸው እኛ ነን።

ዝም ማለቴ ያስከፈለኝን ልንገራችሁ። ለሁለት ወር እጮኛዬን ሸሸሁ። ስትደውል ሥራ በዛብኝ፣ ስትመጣ ራሴን አመመኝ። አንድ ማታ “ሌላ ሰው ይዘሃል አይደል?” አለችኝ። አልያዝኩም ብዬ መማል እችል ነበር። ግን እኔም ራሴ አባላዘር ነው ብዬ ስለማምን፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ እሷንም በልቤ ጠርጥሬ ነበር። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የጤና መኮንኑ ሽበት የጀመራቸው ሰው ናቸው። “ምን ሆንክ ልጄ?” አሉኝ። “እዚያ ጋ…” ብዬ ጀመርኩ። “የት ጋ?” “ብሽሽቴ ላይ።” አዩኝ፣ ጓንታቸውን አወለቁ። “ፀጉር እኮ ናት! ወደ ውስጥ የበቀለች ፀጉር።” ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ የነገሩኝ እስከዛሬ በዚህ ጉዳይ የሰማሁት ምርጥ አማርኛ ነው፤ ግሡ ሁሉ እጅን ያዝዛል። እስኪድን ምላጭ አታስጠጋ። ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ እየነከርክ አሥር ደቂቃ ያህል ያዝበት። በመርፌ አትቆፍር፣ አታፍርጥ። ጠባብ የውስጥ ሱሪ ተው፣ ጥጥ ልበስ። ከዳንክ በኋላ ቶንዶስ ይሻልሃል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀር፣ ካልሰመጠ አይወጋህም። የግድ ልላጭ ካልክ ግን መጀመሪያ በሞቀ ውኃ አለስልሰው፣ አረፋ ቀባው፣ ቆዳህን አትወጥር፣ በበቀለበት አቅጣጫ ቁረጥ፣ አትደጋግም። ምላጭህ ስለታም ይሁን፣ ለማንም አታውስ፣ ከማንም አትዋስ፤ ሄፓታይተስ ቢም ኤች አይ ቪም በደም ይተላለፋሉ። ትኩሳት ከመጣህ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ ንፍፊት ካበጠብህ ወይም የተከፈተ ቁስል ካየህ ሳታድር ና።

በሦስት ሳምንት አብዛኛው ጠፋ፤ ጥቁር ምልክቱ ትንሽ ቆየ። ለእጮኛዬ የነገርኳት ግን ሳይጠፋ ነው። “ብሽሽቴ ላይ ፀጉር ወደ ውስጥ በቅሎ እባጭ ሆኖብኝ ነው የሸሸሁሽ” አልኳት። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞብኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ተለማምጄዋለሁ። ዝም ብላ አየችኝ። “ይህን ለማለት ሁለት ወር?” አለች። ከዚያ ብብቷ ሥር በየክረምቱ የሚወጣባትን አሳየችኝ። እሷም ስሙን አታውቀውም ነበር።