የከረመና ለከርሞ

እናቴ ባረፈች በአምስተኛው ወር፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ውጭ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በስልኬ አንድ መጽሐፍ ላከልኝ። አብሮት የመጣው መልእክት አጭር ነበር። «እታለም፣ ይህን አንብቢና የእማዬን ዕቃ በሙሉ አስወግጂው። ጳጉሜ ሳያልቅ። አዲሱን ዓመት በባዶ ቤት እንጀምረው።» «እንጀምረው» የምትለዋ ቃል ፈገግ አሰኘችኝ። እሱ የሚጀምረው እዚያ ነው። እኔ ሀዋሳ፣ ጣሪያው በሚያንጠባጥብ ሳሎን ውስጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢት በታሰረ ልብስ መካከል ተቀምጫለሁ።

መጽሐፉ ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ስለ ቤት ማስተካከል የጻፈችው ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። በ2019 ደግሞ ደራሲዋ በኔትፍሊክስ ተከታታይ ፕሮግራም ብቅ ብላለች። እኛ ዘንድ ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳ ሐሳቡን ያውቀዋል። ጳጉሜ በገባ ቁጥር የኤፍኤም አዘጋጁ፣ የቴሌግራም ቻናሉ፣ አነቃቂ ተናጋሪው ሁሉ «አሮጌውን ጣሉ፣ አዲሱን ተቀበሉ» ይሉናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአንድ መጽሐፍ ሂስ ቢሆንም ክርክሬ ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የሚገባትን ልስጣት። ኮንዶ ዕቃን በየክፍሉ አትለዩ፣ በየዓይነቱ ለዩ ትላለች። መጀመሪያ ልብስ፣ ከዚያ መጽሐፍ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ልዩ ልዩ ዕቃ፣ በመጨረሻ ትዝታ ያለበት ነገር። አንዱን ዓይነት ከየቦታው ሰብስባችሁ መሬት ላይ ትከምሩታላችሁ። እያንዳንዱን በእጃችሁ ይዛችሁ ልባችሁ ደስ ይለው እንደሆነ ራሳችሁን ትጠይቃላችሁ። ደስ ካላለው አመስግናችሁ ትሸኙታላችሁ። ትዝታ መጨረሻ መሆኑ ብልህነት ነው፤ እስከዚያ ድረስ እጅ መልቀቅን ይለምዳል። ምስጋናውን መጀመሪያ ሳነበው ልስቅበት ነበር። ነገር ግን የእማዬን 11 ነጠላዎች መሬት ላይ ደርድሬ አንዱን ሳነሳ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ሴትየዋ በወጣትነቷ በሺንቶ መቅደስ አገልግላለች፤ ለዕቃ የምታሳየው አክብሮት ከየት እንደመጣ ይታያል። ውለታ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ልብሱን በአንድ ቀን ጨረስኩት። ያለ እሷ መጽሐፍ ሦስት ክረምት ይፈጅብኝ ነበር። ችግሩ የመጣው ወጥ ቤት ስገባ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ የከነከነኝ አንድ ምክር አለ፤ የምታስወግዱትን ለቤተሰብ አታሳዩ ትላለች። እናት ከረጢቱን ካየች እያወጣች ታስቀምጣለች፣ ትጨነቃለች፣ ሥራው ይበላሻል። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እናንተ ያልፈለጋችሁትን ለታናሽ እህታችሁ አትጫኑባት ትላለች። እሷ ራሷ በልጅነቷ ልብሷን ለታናሽዋ እያሸከመች ማደጓን ትናዘዛለች። እኔ ምክሩን ሰማሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ማለዳ «ቆራሌው!» ሲል ሰማሁና ማንንም ሳልጠራ፣ ማንንም ሳላማክር፣ በሩን ከፍቼ የተበሳውን ማንቆርቆሪያ፣ እግሩ የተሰበረውን ምድጃና አንድ ትልቅ ብረት ድስት አስረከብኩት። ድስቱን ይዤ ራሴን ጠይቄያለሁ። ልቤ ምንም አላለም። በክብደቱ ተመዘነና ሄደ።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎረቤታችን መጡ። እናቴን በጓደኝነት 30 ዓመት ያህል የሚያውቋት ሴት ናቸው። ቡና እስኪፈላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ቅቤ ዋጋ አወራን። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣል አድርገው፣

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። «በሐዘን ቤት ዕቃ መጠየቅ ነውር ሆኖብኝ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። ያቺ ትልቋ ድስቴ እናትሽ ዘንድ ቀርታ ነበር። ለፍስኩ ዶሮ ልሠራባት ብዬ ነው።»

«የትኛዋ ድስት፣ እትዬ?»

«እጀታዋ ላይ ቀይ ጥፍር ቀለም የነካኋት።»

ቀዩን ነጥብ አስታወስኩት። ለቆራሌው ከመስጠቴ በፊት ቆሻሻ መስሎኝ በአውራ ጣቴ ፈግፍጌው ነበር።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ባለቤት አንድ ነው ብሎ ይጀምራል። ቤቱ የእኔ፣ መደርደሪያው የእኔ፣ ደስታው የእኔ። በቶኪዮ አፓርታማ ምናልባት ይሠራ ይሆናል። እናቴ ቤት ውስጥ ግን ወንፊቱ የጎረቤት፣ ረከቦቱ የአክስት፣ ሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች የዕድር ነበሩ። የእኛም ዕቃ በተራው በስንት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። የወጥ ቤት ዕቃ ላይ ጥፍር ቀለም የሚነካው፣ ክር የሚታሰረው፣ በምስማር ስም የሚጫረው ለምን ይመስላችኋል? ዕቃው ከቤት እንደሚወጣና እንደሚመለስ ስለሚታወቅ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ለቤተሰብ አታሳዩ» የሚለው ምክር የሰው ንብረት ያስሸጣል።

ሁለተኛው ጉድለት መጽሐፉ በር ላይ ማለቁ ነው። ኮንዶ ደንበኞቿ ስንት ከረጢት እንዳወጡ በኩራት ትቆጥራለች። ከረጢቱ ከበሩ ከወጣ በኋላ ግን ታሪኩ ይቆማል። ሀዋሳ ውስጥ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ቆራሌው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የወጣ ስም ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን ከጠርሙስ እስከ ፍሪጅ የማይገዛው የለም። ከኋላው ልዋጭ ይመጣል፤ ያረጀ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። ብረቱ ቀልጦ ወይም ተቀጥቅጦ፣ ጎማው በረባሶ ሆኖ ይመለሳል። አዲስ አበባ መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። እኛ አገር «መጣል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ውሸት ነው፤ ዕቃው እጅ ቀየረ እንጂ አልተጣለም።

ሰፋ አድርገን ካየነው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ዋና ሥራው ለውጭ ገበያ ልብስ መስፋት ነበር። በፈረቃ የሚገቡ የሚወጡ ልጃገረዶችን ያላየ የከተማዋ ሰው የለም። እዚህ የተሰፋ ሸሚዝ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል፤ እዚያ አንድ ቅዳሜ መሬት ላይ ተከምሮ ልብ ደስ አላለውም ተብሎ ይወጣል። በሌላ በኩል የእኛ ገበያ ላይ ከውጭ የመጣ ልባሽ ጨርቅ በክምር ይሸጣል። ያቺው ሸሚዝ ዞራ መጣች ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ቤቱን ባዶ አድርጎ «ቀለለኝ» ሲል ክብደቱ የሆነ ቦታ አርፏል፤ መጽሐፉ ይህን አይጠይቅም።

ሦስተኛው ነገር ወቅቱ ነው። በሰሜኑ ዓለም አዲስ ዓመት የሚገባው በብርዱ መካከል ነው፤ ጃፓኖችም በታኅሣሥ ማለቂያ ኦሶጂ የሚሉት ትልቅ የቤት ጽዳት አላቸው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል፣ መሬቱ ተኝቷል። «እንደ ዛፉ አራግፉ» የሚለው ምክር እዚያ ዓይን ያየዋል። ይህን ምክር ተርጉመን ወደ እኛ ክረምት ስናመጣው ግን ይሰናከላል። በእኛ ክረምት የሚራገፍ ነገር የለም። አጥሩ ሳይቀር ያቆጠቁጣል። ጫማ አልጋ ሥር ይሻግታል። ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ብቅ ስትል ሰፈሩ ሁሉ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ ውጭ ይሮጣል። የክረምት ሥራችን ያለንን እንዳይበሰብስ ማናፈስ ነው።

አቆጣጠራችንም ይህን ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። ልብ ካላችሁ እንቁጣጣሽ የሚውለው ክረምቱ ሳያልቅ ነው። አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ አሮጌው ዝናብ ሦስት ሳምንት ተኩል ይዘንባል። ቋንቋውስ? «ከረመ» ከሚለው ግስ ክረምትን አገኘን። ቆይቶ ያረጀውን «የከረመ» እንላለን፤ የከረመ ቅቤ፣ የከረመ ቂም። የሚመጣውን ዓመት ደግሞ «ለከርሞ» እንላለን። አሮጌውም አዲሱም ከአንድ ግንድ ወጡ። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኘ ሰው «እንዴት ከረምሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን እንደጣልሽ አይጠይቅም፤ ምን ይዘሽ እንዳለፍሽ ነው የሚጠይቀው።

ሀዋሳ ደግሞ ሁለት አዲስ ዓመት ያላት ከተማ ናት። የሲዳማ ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑን የሚቆርጡት ሰማይ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው፤ ሕዝቡም ጉዱማሌ ላይ ይሰበሰባል። የበዓሉ መነሻ ተብሎ የሚነገረው የአፍ ታሪክ የአንዲት ሴት ነው። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ጎረቤቱም አብሮ ይበላ ነበር። ይኸው ነው። አንድ ሕዝብ አዲስ ዓመቱን የሚጀምርበት ታሪክ ልጅ ወደ ቀድሞ ቤቷ የተመለሰችበት ታሪክ ነው። ይህን ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከሄደ 9 ዓመቱ ነው፤ ለቀብሩም መምጣት አልቻለም። ባዶ ቤት የፈለገው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ የገባኝ መሰለኝ። ባዶ ቤት መመለስን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ ለራሳችን የሚያጨበጭብ ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ግን ቡፌው ይቀራል።

እናቴ ሳሎን ውስጥ መስታወት ያለው ቡፌ አለ። ውስጡ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው 12 ሳህኖች ተደርድረዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንድም ቀን አልተበላባቸውም። «ለእንግዳ» ናቸው። እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማንም ለእነሱ የሚበቃ እንግዳ ሆኖ አልተገኘም። እናቴ ጠርዙ በተሸራረፈ የቆርቆሮ ሳህን ስትበላ ኖራ አለፈች። ሳህኖቹን መሬት ላይ ስደረድራቸው በኮንዶ ላይ የያዝኩት ቂም ሁሉ ጠፋ። ዕቃ የማንለቀው ወይ ካለፈው ስለተጣበቅን ወይ መጪውን ስለፈራን ነው ትላለች። ትክክል ናት። የእኛ «ይጠቅማል» ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። የመጋራት ባህላችንን የምናወድስ ሰዎች ይህንን ቡፌ መስታወቱን እየወለወልን ማለፍ እንወዳለን።

ኮንዶ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ቤቷን እንደ ድሮው ማስተካከሉን መተዋን ተናግራለች። ብዙ ሰው አሾፈባት። እኔ ከመጽሐፏ ሁሉ የወደድኩላት ይህንን ነው። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ሲበዙ ጥያቄው ተለወጠባት። የእኔም ተለውጧል። አሁን አንድ ዕቃ ሳነሳ መጀመሪያ የማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ወደ ማን እንደሚሄድ እጠይቃለሁ። ደስ ይለኝ እንደሆነ የምጠይቀው ሦስተኛ ላይ ነው፤ ግን እጠይቃለሁ።

ቆራሌውን ሦስት ማለዳ ጠብቄ አገኘሁት። «እህቴ፣ እሷማ በማግስቱ ሄዳለች» አለኝ። አዲስ ድስት ገዝቼ ለጎረቤታችን ወሰድኩላቸው። ገልብጠው አዩት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ይቺ ሳሳ ያለች ናት» አሉ፣ ሳይደብቁ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠሩና ጥፍር ቀለም አስመጡ። እጀታው ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ነኩበት።

መስከረም 1 ቀን ቤቱ ባዶ አልነበረም። ልብሱ ግማሽ ሆኗል፤ የዕድሩ ወንበሮች ወደ ዕድሩ ተመልሰዋል። ውጭ ይዘንባል። ጎረቤታችን ዶሮውን በአዲሷ ድስት ሠርተው ይዘው መጡ፤ እኔ ቡፌውን ከፈትኩ። ለወንድሜ በቪዲዮ ደወልኩና ሳህኑን አሳየሁት።

«እንዴ! እነዚያ?» አለ።

«እነዚያ» አልኩት። «የአንተ ድርሻ 6 ናቸው። አልልክም፤ መጥተህ ትበላባቸዋለህ።»